ለወለተ ጊዮርጊስ የታዘዘ መድኃኒት

ኮምቦልቻ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ብዕር የያዘው ደሳለው ነው፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው። ቃሉ ግን የእኔ የአጎትሽ የምንይሉ ነው። ያልኩትን እንዳለ እንዲጽፍ፣ ከራሱ እንዳይጨምር፣ እንዳያሳምርም ነግሬዋለሁ። ሲጨርስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። በስልክ እናውራ አትበዪኝ። ጆሮዬ ደክሟል፤ የቤቴን ጉዳይ እየጮህኩ ለሰፈር አላሰማም።

ልጄ ጽናት፣ የወንድሜ የኪዳኑ ልጅ፣ እንደምን ሰንብተሻል። በሰው አገር የምትገቢበትንና የምትወጪበትን በር እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ፤ ክፉ አያሳይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴ፣ እቴቴሽ ፀሐይነሽ ግን ደህና አይደለችም።

ጡቷ ላይ የነበረው ነገር አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ብለዋል። ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ አሁን ጎኗን ሰው እንዲነካት አትፈልግም። አንሶላ ስንለውጥላት እንኳ ጎረቤት ይሰማል። ጸበል ስንከርም ሻል ብሏት ነበር፤ ከዚያ እንደወረድን ባሰባት። ቤት ሳንገባ በቀጥታ ደሴ ፒያሳ፣ ዶክተር አቢጌል ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተሯ የጴንጤ ልጅ ናት፣ ልጅ እግር ናት፣ አነጋገሯ ግን ደግ ነው። እጇን ይዛ «እናቴ፣ ማዳን አልችልም፤ ሕመሙን ግን አስታግስልዎታለሁ» አለቻት። ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ መድኃኒት አዘዘችላት።

ወረቀቱን ስጪኝ አልኳት። ወረቀት ቀርቷል አለች። መድኃኒቱ ጥብቅ ስለሆነ፣ የሚሸጠውም ሰው ስላለ፣ አሁን የሚታዘዘው በኮምፒውተር ብቻ ነው። እሷ ትጽፋለች፤ የምስጢር ቁጥር በገዛ ስልኳ ይመጣላታል፤ ቁጥሩን ስታስገባ ትዕዛዙ ሰኞ ገበያ ወዳለው መድኃኒት ቤት ይሄዳል። እኔ ተቀባይ ተብዬ ተመዘገብኩ። የሕመምተኛዋን መታወቂያ ይዞ ሄዶ መቀበል ብቻ ነው አለችኝ።

ፀሐይነሽን ቤት አስገብቼ፣ በማግስቱ መታወቂያዋን ይዤ ወጣሁ። መድኃኒት ቤት ያለችው ፊርደውስ የምትባል ሴት ናት። ኮምፒውተሩን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ መልሳ ኮምፒውተሩን አየች። «አባባ፣ አልሆነም» አለች። መድኃኒቱ ከጀርባዋ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አሁን ካንቺ የምፈልገውን ስሚ። ብር አይደለም። አንቺ እንግሊዝ አገር ሐኪም ቤት ነው የምትሠሪው። ይህንኑ መድኃኒት በኮምፒውተር እንደምታዝዙ ለፀሐይነሽ ነግረሻት ነበር። እንግዲህ እዚያው ሆነሽ ተጫኚውና ሰኞ ገበያ ይድረስ። ጡቷን ባትጠቢም በእጇ ነው ያደግሽው። ጠዋት የምትጮኸውን ደሳለው ሰምቷል። ምን እንደሚመስል ጻፍላት ብለው አልጽፍም አለኝ።

አጎትሽ ምንይሉ


ሊድስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እቴቴን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ጎኗን የሚያማት ከሆነ እንኳ ግንባሯን። ደብዳቤዎ ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ደረሰኝ። እያነበብኩ መውረጃዬ አለፈኝ።

አጎቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ክሊኒኩ ውስጥ የምሠራው ማዘዣ ማዘጋጀት ነው። ሕመምተኛ ይደውላል፤ ስሙንና መድኃኒቱን አሰናድቼ ለሐኪሟ አስተላልፋለሁ። እንዲህ ያለው ጥብቅ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ሐኪሟ ራሷ ካርዷን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታ፣ የራሷን ቁጥር አስገብታ ካልፈረመች አንድም ጠብታ አይንቀሳቀስም። ካርዷን ረስታ ብትወጣ እንኳ መንካት አልችልም። መባረር ብቻ አይደለም፣ እስር አለበት። እስሩን ችዬ ብጫነውም የዚህ አገር ትዕዛዝ የሚደርሰው የዚህ አገር መድኃኒት ቤት ነው። ሰኞ ገበያ አይደርስም።

ሐኪም ቤት እየሠራሁ ለእቴቴ የማልጠቅም ሆንኩ።

ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፊርደውስ ያለችው «አልሆነም» ብቻ ነው? እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ያለ ምክንያት አይመለስም፤ እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ቤት የተመዘገበው ስም ከመታወቂያው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። እቴቴን ክሊኒኩ ውስጥ ማን ብለው አስመዘገቧት? ክሊኒኩ ደውዬ ነበር። በስልክ ለማናውቀው ሰው ስለ ሕመምተኛ አንናገርም አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልናገርም።

እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ። እግዚአብሔር ለእቴቴ የምታርፍበትን ሰዓት ይስጣት።

ልጅዎ ጽናት


ኮምቦልቻ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም ብዕሩ ደሳለው እጅ ነው። እሱም እንዳንቺ ቶሎ መልሱላት እያለ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ። ማመልከቻ ጸሐፊ ሁሉ ዳኛ ሆኗል።

ልጄ ጽናት፣ እንደምን አለሽ። የሰጠሁሽ ምርቃት አልተነሳብሽም። ደብዳቤሽ ተነቦልኛል። ካርድ፣ ቁጥር፣ እስር። አባትሽ ኪዳኑ ቢሆን ካርዱን ሰርቆ ይልክልኝ ነበር። እሱ ከእኔ ጋር አንድ ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው ነው። አንቺ ሕግ የሚያከብር አገር ሄደሽ ሕግ ተማርሽ፤ ጥሩ ነው።

ማን ብለው አስመዘገቧት ላልሽው፣ ያስመዘገብኳት በስሟ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ ነው ስሟ። ጸበል ቦታ በዚህ ስም ተጠራች፣ ካህኑ የጸለየላት በዚህ ስም ነው። በሽተኛ የሚጠየቀው የክርስትና ስሙን ነው። ያቺ መዝጋቢ «ስማቸው ማን ነው?» ስትለኝ ሌላ ምን ልበላት? ከጸበል ቤት በቀጥታ መምጣቴ ነው። ፀሐይነሽ የሚለውን እናቷ ናት ያወጣችላት። መታወቂያው ላይ እሱን ከጻፉ የጻፉት ይጠየቁ።

የሆነ ሆኖ እኔ ሰው አልለማመጥም። አቢጌል ዘንድ ተመልሼ አርሚልኝ አላልኩም። እዚሁ ኮምቦልቻ ሌላ ሐኪም አለ። መታወቂያዋን አሳይቼ ፀሐይነሽ አልኩት። ቤት ድረስ መጥቶ አያት፤ ያንኑ መድኃኒት አዘዘ። መድኃኒቱ ያለው እዚያው ፊርደውስ ዘንድ ነው ስለተባልኩ እንደገና ደሴ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ቀይ ሆነ። አልሆነም አለች። ሌላ የምለው የለኝም። ማሽኑ ጠልቶናል።

ብር ልላክ ብለሽ ለጎረቤታችን ለመዲና ደውለሻል አሉኝ። አትላኪ። በብር የሚሆን ቢሆን በሬዬን እሸጥ ነበር።

እቴቴሽ ሰላም ብላሻለች። መዲና ቀን ቀን አጠገቧ ትቀመጣለች። ትናንት «ምንይሉ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀቻት። መድኃኒት ሊያመጣ ነው አለቻት። «እንግዲያው ሰው አስቀይሞ ይሆናል» አለች። ታውቀኛለች።

አጎትሽ ምንይሉ

ይህ ከእኔ ከደሳለው ነው። አንብቤላቸው ካበቃሁ በኋላ ነው የጨመርኩት፤ ሥራዬ አይደለም፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛውን ጊዜ መድኃኒት ቤት ስንሄድ አብሬያቸው ነበርኩ። ፊርደውስ ቀዩን ስታይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ በዚህ ስልክ ቁጥር በአንድ ሰሞን ለሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት መድኃኒት ከሁለት ሐኪም ታዟል። ቤትዎ ያሉት ሕመምተኞች ሁለት ናቸው?» አለቻቸው። በመልካም ነው የጠየቀችው። ሰልፍ ላይ የነበረ አንድ ጎረምሳ ግን «ሽማግሌው ነጋዴ ነው» ብሎ ሳቀ። አጎትዎ ከዘራቸውን ተክለው «አዎ፣ ሁለት ናቸው» አሉ። «እንግዲያው የሁለቱንም መታወቂያ ያምጡልኝ» ስትላቸው ጥለው ወጡ። አሁን ሁለቱም ትዕዛዝ ታግዷል። እኔ እውነቱን ለፊርደውስ ልንገራት ብላቸው፣ ተቀባይ ሆኜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ አፉም የእኔ ነው አሉኝ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ነው የሚውሉት። እንደ ነገርኩዎ አይንገሩብኝ።


ሊድስ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር አጎቴ፣

እንደምን ዋሉልኝ። ምርቃትዎ ስላልተነሳብኝ አመሰግናለሁ። ስለ አባቴ ያሉትን አነበብኩ፤ እውነት ነው፣ ይሰርቅልዎ ነበር። ግን ሰርቆም አይሆንለትም ነበር።

አጎቴ፣ ማንም የነገረኝ ነገር የለም፤ ከሥራዬ ነው የማውቀው። ኮምፒውተር ቀይ የሚሆነው አንድ ጥብቅ መድኃኒት ከአንድ ቤት በሁለት ስም ሲጠየቅ ነው። ማሽኑ አልጠላዎትም። አያውቅዎትም። የሚያውቀው ሁለት ስም ብቻ ነው። ሁለቱ ስም የአንዲት ሴት መሆኑን ሊነግረው የሚችለው ሐኪም ነው፤ ለሐኪሟ ሊነግር የሚችለው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ከአፍዎ አንድ ቃል ነው የሚወጣው። ዶክተር አቢጌል ዘንድ ሄደው «አንዲት ናት» ይበሏት። የመጀመሪያውን ሰርዛ በመታወቂያው ስም ትጽፍልዎታለች።

ባለፈው ሳምንት እኛ ክሊኒክ አንድ ሽማግሌ መጡ። ለሚስታቸው ሕመም ማስታገሻ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው፣ ጠፋብኝ አሉ። የምጠይቃቸው እኔ ነበርኩ። የት ጠፋ? ማን ቤት ገባ? ሌላ ሰው አብሯችሁ ይኖራል? ፊታቸው ቀላ። ሌባ ነዎት ማለቴ አልነበረም። ካልጠየቅኩ ሐኪሟ መፈረም አትችልም። ሲወጡ አላመሰገኑኝም፤ ዘወር ብለውም አላዩኝም። መድኃኒቱን ግን ይዘው ወጡ።

እግርዎ ሥር እወድቃለሁ አጎቴ። ይውጡ። ነገ ይውጡ።

ልጅዎ ጽናት


ሊድስ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

መልስ አጣሁ። ደሳለውን ብጠይቀው ጋሽ ምንይሉ ወደ እኔ አልመጡም ይላል። ተቆጥተውኝ ከሆነ ይቆጡ፤ ይስደቡኝ፤ ብቻ ወደ ደሴ ይውጡ።

ዛሬ ለመዲና ደወልኩ። ስልኩን እቴቴ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። «ጽናት፣ በልተሻል?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ሌላ ነገር ልትለኝ ጀመረች። ከዚያ መዲና ስልኩን ወሰደችው፤ ግን ቶሎ አልዘጋችውም።

አጎቴ፣ እኔም ሰማሁት።

ጽናት


ደሴ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደሳለው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ያለነው ሰኞ ገበያ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ነው። ኔትወርክ የለም። እስኪመጣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ዝም ከምል ልናገር ብዬ ነው።

ልጄ ጽናት፣ እንደምን አለሽ። ያመጣኝ ያንቺ ደብዳቤ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ጠዋት ፀሐይነሽ አልጮኸችም። ያን ጩኸት ስጠላው ነበር የከረምኩት። ሲቀር የባሰ ጠላሁት። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ታየኛለች፤ አትጮኽም። ለመዲና ጠብቂያት ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ደሳለውን ከጃንጥላው ሥር አስነስቼ ነው ያመጣሁት። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር፤ ሹፌሩ እንደ ሸክላ ጫኝ እያዘገመ አደረሰን።

አቢጌል ሰው ይዛ ነበር። አልጠበቅኩም፣ ገባሁ።

«አንዲት ናት» አልኳት።

«ማን ናት አባባ?»

«ወለተ ጊዮርጊስም ፀሐይነሽም። ሁለት ሚስት የለኝም። አንዷም ስትገዛኝ ነው የኖረች።»

ያቺ ልጅ ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። እንባ አልፈልግም፣ ቁጥርሽን አስገቢ አልኳት። «አባባ፣ ያኔውኑ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ…» ብላ ተወችው። ባትተወው ይሻለኝ ነበር። ስድብ እችላለሁ።

ለኮምቦልቻው ሐኪም ደወለች፤ የሱን ሰረዘ። የራሷንም ሰርዛ በመታወቂያው ስም እንደገና ጻፈች። የምስጢር ቁጥሩ እስኪመጣ ስልኳን እያገላበጠች ቆመች። እኔም ቆምኩ። ያ በሽተኛዋ ሰውዬም አልተቆጣም፣ አብሮን ቆመ። መጣ። አስገባች። «ሄደ» አለች።

እዚህ ስንደርስ ኔትወርኩ ጠፍቷል። ፊርደውስ አየችኝ። ሰው እየሰማ ነገርኳት፤ አንዲት ናት፣ ያን ቀን ሁለት ያልኩሽ ውሸቴን ነው አልኳት። ያ ጎረምሳ አልነበረም፤ ቢኖርም እለው ነበር።

«አብሽሩ አባባ» አለች። «አላህ ያሽርልዎት። ኔትወርኩ ይምጣ እንጂ እኔ አላዘገይዎትም።» በርጩማውንም ያወጣችልኝ እሷ ናት።

ጥቂት ቆይቼ ተመልሼ ገባሁ። «ልጄ፣ አሁን ስጪኝና ኔትወርኩ ሲመጣ ትጽፊዋለሽ» አልኳት። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ቁልፉን ያዘችው። ቁም ሣጥኑን አየች፣ እኔን አየች። «አልችልም አባባ» አለች። እሷም እንዳንቺው ናት። ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ለመንኳት። ደሳለው፣ ይህን ጽፈኸዋል? ለመንኳት። ፊቱን አዞረ እንጂ ጽፎታል።

ሰዉ ገበያውን ጨርሶ እየሄደ ነው። አንድ ባጃጅ በቀይ ሽንኩርት ተሞልቶ በራችን ላይ ተገትሯል፤ ሹፌሩ ይሳደባል። ደሳለው መዲናን ልደውልላት ይለኛል። አትደውል አልኩት። ይዤ ስመጣ ታየኛለች። ይህንንም ጻፈው። ምን የማትጽፈው አለ?

ተጠራሁ።

ይኸው እጄ ላይ ነው። ቡናማ ጠርሙስ ነው፤ መዳፌን አይሞላም። ፊርደውስ መለኪያዋን ማንኪያ አሳይታኛለች፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። በደረቴ ይዤዋለሁ። ሚኒባሱ ሊሞላ ነው አሉ። ደሳለው፣ ፎቶውን ከዚሁ ላክላት። ማንበቡን መኪና ላይ ታነብልኛለህ።

አጎትሽ ምንይሉ


ሊድስ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ክቡር አጎቴ፣

እግርዎን ይባርከው። የረገጡበት ሁሉ ይለምልም። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ መጋዘን ውስጥ ገብቼ አነበብኩት። ቡናማው ጠርሙስ ላይ ስደርስ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

አሁን ይስሙኝ። ፊርደውስ ካሳየችዎ ልክ አያሳልፉ። ሆዷን ያደርቀዋልና አጥሚትና ውኃ ያብዙላት። መጀመሪያ ላይ ብዙ ልትተኛ ትችላለች፤ አይደንግጡ። እንቅልፉ ያለባት ዕዳ ነው፤ ትተኛ። ስንት ማንኪያ ወሰደች? ጎኗን ስትነኩት ምን አለች? ተኛች? በየትኛው ጎኗ ተኛች?

ለመዲና ደወልኩ፤ አታነሳም። እቴቴ ተኝታ እንዳልቀሰቅሳት ብላ ይሆናል።

የካቲት 11። ዛሬም መዲና አታነሳም። ደሳለው መልእክቴን አይቶታል፤ አልመለሰልኝም።

አጎቴ፣ ስንት ማንኪያ ወሰደች?

ጽናት


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሚጽፈው ደሳለው ነው። እኔ ነኝ የምናገረው፤ ድምፄ ስለሰለለ እያስደገመኝ ነው።

ልጄ ጽናት፣ እንደምን አለሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤዎችሽ ተነበውልኛል። ቤቱ ሰው ስላለበት አሳጥራለሁ።

ስንት ማንኪያ ብለሽ ጠይቀሻል። ይህን አልመልስልሽም። ሕመሙ ለቋታል። ጎኗን ብንነካትም ምንም አትል። ይህን ዕወቂ።

መዲና ደህና ናት፤ እዚሁ ናት፤ ስልክ አታንሺ ያልኳት እኔ ነኝ። አትቀየሚያት። ደሳለውንም።

አሁን እኔ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። የምትኖሪው ብቻሽን ነው ወይስ ከሰው ጋር? እዚያ ከተማ የአገር ሰው፣ የወሎ ሰው፣ በዕድሜ ጠና ያለ ማን አለ? የምትሳለሚበት ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ማን ይባላል? ስልኩን ላኪልን፤ ደሳለው ያናግረዋል። ሥራ የማትገቢው በየትኛው ቀን ነው? እሑድ ከሆነ እሑድ ጠዋት ቤትሽ ሁኚ። ሰዎች ቢያንኳኩ ክፈቺ። ምን አቀርባለሁ ብለሽ አትጨነቂ። ይዘው ይመጣሉ።

እስከዚያ ወደዚህ አትደውዪ። አውቶቡስ ላይ ሆነሽ የምታነቢውንም ነገር ተዪው፤ መውረጃሽ ያልፍሻል። ብርም መድኃኒትም አትላኪ። ምግብ ብዪ። «በልተሻል?» ያለችሽን እኔም እልሻለሁ።

አባትሽ ካርዱን ይሰርቅ ነበር ያልኩሽን እርሺው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እኔ ነኝ…

አይ፣ እሱን ሰርዘው። እዚህ ላይ ይብቃ።

ደሳለው፣ አንብብልኝ። ቀስ ብለህ አንብብ። በደብዳቤ የማይባል ቃል አምልጦኝ እንደሆነ ልስማው።